ያለ ስንቅ የሚኬድበት ትምህርት ቤት

እኔ አሰገደች ወልደጊዮርጊስ ሰው በቀላሉ አላምንም። ጂንካ ውስጥ ይህን የማያውቅ ካለ ትናንት በአውሮፕላን የወረደ እንግዳ ነው። ሱቄ የአውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጥግ ላይ ነው። ጨው፣ ሳሙና፣ ላምባና ምላጭ እሸጣለሁ። ሜዳው ላይ ከብት ሲግጥም፣ አውሮፕላን ሲያርፍም፣ የጭነት መኪና ሲቆምም ከባንኮኒዬ ሆኜ አያለሁ። መኪና ሲቆም አልወድም። ትልቁን ልጄን ጎሳዬን የወሰደው እዚያ የቆመ መኪና ነው።

ለስብሰባ ነበር የተጠራው። የቀበሌያችን ሊቀመንበር ሀብተ ማርያም የሟቹ ባለቤቴ ወዳጅ ነው፤ በማርያም ማኅበርም አብሮን ጽዋ ይጠጣል። እሱ ራሱ ሱቅ ድረስ መጥቶ፣ «ቅዳሜ የወጣቶች ስብሰባ አለ፤ መታወቂያ ይሰጣል። ንጹሕ ሸሚዝ ይልበስ፣ ፎቶ ይነሳል» አለኝ። ሸሚዙን በገዛ እጄ አጥቤ ተኮስኩለት። ጎሳዬ ከስብሰባው በቀጥታ ለብሔራዊ ውትድርና ተጭኖ ወደ ሰሜን ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ አንድ ቃል አልሰማሁም። ሀብተ ማርያም ከእኔ ብሶ አለቀሰ። «ከላይ የመጣ ነው፤ እኔንም አታለውኛል» ብሎ በማርያም ማለልኝ። አመንኩት። ሰው ሁሉን ጠርጥሮ አይኖርም፤ የራሴ የምለው አንድ ሰው ያስፈልገኝ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛው ልጄ ንብረት አዲስ ትምህርት ቤት ሊገባ ነው ሲባል እንዴት እንደሆንኩ አስቡት። ከሜዳው ማዶ የተሠራ ሁለት ሳር ክዳን ቤት ነው፤ ወንበር የለው፣ ደንብ ልብስ የለው፣ ክፍያ የለው። ክፍያ የሌለው ነገር ሁሉ ከኋላው ሌላ ነገር አለው ብዬ ነው የማምነው። መምህሩ ኤርሳዶ የሚባል ከከምባታ በኩል የመጣ ጎልማሳ ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ሲናገር ድምፁን የማያነሳ። ድምፁን የማያነሳ ሰውም አልወድም።

ወላጆችን ሰብስቦ ነገሩን አስረዳን። ልጆቹ ክፍል ውስጥ ተቀምጠው ሳይሆን እየተጓዙ ነው የሚማሩት። አንድ አገር ይሄዳሉ፤ እያንዳንዱ ልጅ አንድ ገበሬ ቤት ያድራል፣ አብሮ ይሠራል፣ ቋንቋውን ይለምዳል፣ ሲመለስ ያየውን ለጓደኞቹ ያስተምራል። የመጀመሪያው ጉዞ ከገዘር በላይ ወዳለው የአሪ አገር ነው። በጋ ሲሆን ደግሞ እስከ ኦሞ ወንዝ፣ እስከ ካንጋተን ይወርዳሉ።

«ስንቅስ?» አልኩ ተነስቼ።

«ስንቅ አይያዝም፣ እትዬ አሰገደች።»

«ምን ሊበሉ?»

«የሄዱበት ቤት ያለውን።»

«ከሌለስ?»

«አብረው ይራባሉ» አለ ኤርሳዶ፣ በዚያው ዝቅ ባለ ድምፁ። «ስንቅ የያዘ ልጅ የማንንም በር አያንኳኳም። እኔ ደግሞ እንዲያንኳኩ ነው የምፈልገው።»

ሰው ሳቀ። እኔ አልሳቅኩም። «ልጅ ያለ ስንቅ ካንጋተን ድረስ የሚወስድ ሰው፣ ወዴት እንደሚያደርሰው እሱና ፈጣሪ ያውቃሉ» ብዬ በሁሉም ፊት ተናገርኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለደንበኞቼ ሁሉ ይህንኑ አወራሁ። ላምባ ሊገዛ የመጣም ሰማ፣ ምላጭ ሊገዛ የመጣም ሰማ።

ታዲያ ለምን ሰደድሽው ትሉኝ ይሆናል። ንብረት ወንድሙ ከሄደ ወዲህ አፉን ዘግቶ ነበር። ብላ ሲሉት ይበላል፣ ተኛ ሲሉት ይተኛል፣ ከዚያ ሌላ ቃል የለም። ኤርሳዶ ሳሙና ሊገዛ መጥቶ ሲያናግረው ግን መለሰለት። እኔ እናቱ ያጣሁትን ቃል ለሳሙና ገዢ ሲሰጥ ሳይ ቀናሁ፤ ግን ሰደድኩት።

የመጀመሪያ ቀን ውሎ ሲመጣ እግሩ ጭቃ፣ ፊቱ ብሩህ ነበር። ትንሽ ትልቅ ሳይባል መሬት ላይ ክብ ሠርተው ተቀምጠው እንደዋሉ ነገረኝ። መምህሩ እያንዳንዱን፣ ቤታችሁ ምን ይሠራል፣ አንተስ በእጅህ ምን ታውቃለህ ብሎ ጠየቀ። ንብረት ጨው መመዘን አውቃለሁ አለ። እኔ እህ ብዬ ሰማሁት። ቤታችሁ ምን ይሠራል ብሎ የሚጀምር ትምህርት ትምህርት ነው ወይስ ምርመራ?

የሚሄዱበትን መንደር ስም ስሰማ ደግሞ ጭራሽ እንቅልፍ አጣሁ። ያ አገር የአባቴ ነበር። አባቴ ግራዝማች ወልደጊዮርጊስ ከሰሜን ከመጡት ሰዎች የአንዱ ልጅ ነበር፤ አሪዎቹ መሬቱን ያርሱለት፣ ማር ያገቡለት፣ እንጨት ይሸከሙለት ነበር። የመሬት አዋጁ በታወጀ ጊዜ በቅሎው ላይ ተቀምጦ ወደ ጂንካ ወረደ፣ ተመልሶም አልሄደም። አባቴ መልካም ሰው ነበር አልልም። ለእኔ መልካም ነበር። ታዲያ የግራዝማች የልጅ ልጅ ያለ ስንቅ በእነዚያ ሰዎች እጅ ሲወድቅ ምን ያደርጉታል? ኤርሳዶ ያን መንደር ከመንደር ሁሉ የመረጠው እንዲያው በአጋጣሚ ነው?

ልጆቹ በሄዱ ማግስት አህያዬ ላይ ጨው ጭኜ፣ ገዘር ገበያ ልሄድ ነው ብዬ ተከተልኳቸው። ዳገቱን እንዴት እንደወጣሁት እኔና አህያዋ እናውቃለን።

ንብረትን ያገኘሁት የሰው እንሰት ውስጥ፣ ባዶ እግሩን ሲቆፍር ነው። አጠገቡ አጠር ያለ፣ ሽበት የጀመረው ሰው ቆሟል። ዳርጌ ይባላል። ሳየው አባቱ ትዝ አለኝ፤ አባቱ የአባቴ ገባር ነበር። ደሜ ፈላ።

«ልጄን ምን እያደረግከው ነው?»

«እየቆፈረ ነው» አለ ዳርጌ። «መቆፈር አይችልም ነበር። አሁን ትንሽ ይችላል።»

«የማን ልጅ እንደሆነ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ። የግራዝማች የልጅ ልጅ፣ የአንቺ ልጅ።»

አባቱ እናቴን «እሜቴ» ነበር የሚላት። ይህኛው እኔን «አንቺ» አለኝ። ዋጥ አድርጌ አለፍኩት።

«አውቀህ ነው የወሰድከው?»

«አውቄ ነው። መምህሩ ይህን ልጅ ማን ይወስዳል ሲል ሁሉም ዝም አለ። እኔ ወሰድኩ።»

«ለምን?»

ዳርጌ መቆፈሪያውን ተደገፈ። «አባቴ አባትሽ ቤት እንጨት ሲወስድ አብሬ እሄድ ነበር። ደጅ ነው የምንቆመው። ውስጡ ምን እንዳለ አላየሁም። ልጁን ልጠይቀው ብዬ ነው።»

ይህ መልስ ነው? ለእኔ መልስ አልሆነኝም። ቂም ያለበት ሰው እንዲህ ነው የሚያወራው ብዬ አሰብኩ። ንብረትን እንሂድ አልኩት፤ «አልሄድም እማዬ» አለኝ። ከስንት ጊዜ በኋላ በሙሉ አፉ የተናገረኝ ቃል ይህ ነበር፣ እንቢ ማለት።

የዳርጌ ሚስት ቆጮና ጎመን አቀረበች። ተርቤ ሳለሁ አልራበኝም አልኩ። ከእነዚህ ሰዎች ምንም ልወስድ አልፈለግኩም፤ ልጄ የበላውም ቢሆን ከነከነኝ። ነጋዴ ነኝና የማውቀውን አደረግኩ። ጨውን ከአህያዋ አውርጄ በሩ ላይ አኖርኩ። «ልጄ የበላበት ነው። ከእንግዲህ ዕዳ የለብንም» አልኩ።

ዳርጌ ጨውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ ሚስቱን ጠራ፣ ጎረቤት ጠራ። ጨውን በሁለት በሁለት እጃቸው አንስተው አስገቡ። ቦርዴ የሚሉትን ወፍራም የእህል መጠጥ በአንድ ቅል ሞልተው አመጡ። ዳርጌ ትከሻውን ከትከሻዬ አስጠግቶ፣ ጉንጩን ከጉንጬ አግጥሞ፣ ከአንድ ቅል በአንድ ጊዜ እንድንጠጣ አደረገ። ጉንጩ ሻካራ ነበር። ቶሎ ጨርሼ ልገላገል ብዬ ጠጣሁ። እንደ ደረሰኝ ነው የቆጠርኩት። ቀና ስል ኤርሳዶ ከአጥሩ ማዶ ቆሞ ፈገግ ብሎ አየኝ፤ ያ ፈገግታ መንገዱን ሁሉ ሲቆጠቁጠኝ ወረድኩ።

ንብረት ደህና ተመለሰ። ወፍሮ፣ እየተናገረ፣ የአሪ ቃል እየቀላቀለ። እኔ ግን ገና እፎይ ሳልል ዳርጌ በቅዳሜ ገበያ ሱቄ በር ላይ ብቅ አለ። ማር ይዟል። ዋጋው ስንት ነው ስለው «አይሸጥም» አለኝ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎደሬ፣ በሌላው ቅዳሜ ቆጮ ይዞ መጣ። በሩ አጠገብ ድንጋይ ላይ ይቀመጣል፣ ስለ ንብረት ይጠይቃል፣ ስለ ጎሳዬ ይጠይቃል፣ ይሄዳል። እኔም ዝም ማለቱ ስለሚያስጨንቀኝ የጎሳዬን ነገር ሁሉ ነገርኩት፣ ሸሚዙንም መኪናውንም። ከኋላው ግን ምን ሊያመጣ ነው እያልኩ እብሰለሰል ነበር። በነጻ የሚያመጣ ሰው መጨረሻው ምንድነው?

ኤርሳዶ ዘንድ ሄጄ አፋጠጥኩት።

«ጨው በሰው ደጅ ማኖር ወዳጅነት መጠየቅ ነው» አለኝ። «ከአንድ ቅል አብሮ መጠጣት እሺ ማለት ነው። አሁን የእርስዎ ልጅ የእሱም ልጅ ነው።»

«እኔ ምንም አልጠየቅኩም። ዕዳ ነው የከፈልኩት።»

«ለእርስዎ ነው እንጂ ለእሱ እንዲያ አይደለም።»

«ቆመህ ስታይ ለምን አልነገርከኝም?»

«ቢያውቁት ያደርጉት ነበር?»

ልሄድ ተነሳሁ። ሲሸኘኝ አንድ ነገር ጨመረ፤ ወዳጅ ሲመጣ እጁን ሞልቶ ነው የሚመጣው። ባዶ እጁን ከመጣ ሊጠይቅ ነው፤ ባዶ እጁን የመጣን ወዳጅ ደግሞ መከልከል ነውር ነው። ይኸው፣ አልኩ በልቤ፣ ተገኘ። አንድ ቀን ባዶ እጁን መጥቶ ሱቄን ይጠይቀኛል። ከዚያ ወዲያ ዳርጌ ሲመጣ መጀመሪያ የማየው ፊቱን ሳይሆን እጁን ሆነ።

ክረምቱ ሊገባ ሲል ከተማው ውስጥ ሹክሹክታ ተጀመረ። አፈሳ ይኖራል የሚል አለ፣ የለም የሚል አለ። በዚያ መሐል ሀብተ ማርያም ሱቅ መጣ። እንደ ልማዱ ሲጋራ አልገዛም፣ ባንኮኒው ላይ ተደገፈ።

«አሰጉ፣ ደስ የሚል ወሬ ይዤልሻለሁ» አለኝ። «አንድ ልጅ የሰጠች እናት ሁለተኛው እንዲቀርላት ተወስኗል። ወረቀቱ ቅዳሜ በወጣቶች ስብሰባ ላይ ይሰጣል። ንብረት እንዳይቀር። ንጹሕ ሸሚዝ ይልበስ፣ ፎቶ ይነሳል።»

እጁን ሳምኩት። እግዚአብሔር ይስጥህ አልኩት።

በዚያው ቀን ንብረት ከትምህርት ቤት ሮጦ መጣ። ነገ ጠዋት ጉዞ አለ፣ መምህሩ በድንገት ተነሱ አለን፣ ወዴት እንደሆነ ግን አልነገረንም አለ። ሳቄ መጣ። «ወዴት እንደሆነ የማይነገር ጉዞ» አልኩ፣ «ይኸው ራሱን አጋለጠ።» ንብረት ለመነኝ፣ አለቀሰ። ወረቀትህን ሳትይዝ ከዚህ ቤት አትወጣም አልኩት። ጓደኞቹ በማግስቱ ጠዋት በሱቄ ፊት ሲያልፉ፣ ኤርሳዶ ከኋላ ቆም ብሎ አየኝ። አንድ ነገር ሊለኝ ፈልጎ ነበር። በሩን ዘጋሁበት።

ዓርብ እኩለ ቀን ላይ የከሰል ካውያዬን አግዬ የንብረትን ነጭ ሸሚዝ እተኩስ ነበር። አንዱን እጅጌ ጨርሼ ሌላውን ስጀምር በሩ ላይ ጥላ አረፈ። ቀና ስል ዳርጌ ነው። ገበያ ቀን አይደለም። እግሩ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ነው። እንደ ልማዴ እጁን አየሁ። ሁለቱም እጆቹ ባዶ ነበሩ።

«ምን ልትጠይቀኝ ነው?» አልኩት።

«ልጄን።»

«የትኛውን ልጅህን?»

«ንብረትን። ልጆቹ ሁሉ መጡ፣ እሱ የለም። ለምን ቀረ አልኩ። ነገ ነጭ ሸሚዝ ለብሶ ፎቶ ይነሳል አሉኝ።» ካውያው ሥር ያለውን ሸሚዝ አየ። «ያኛውም ልጅሽ ሸሚዝ ለብሶ ነው የሄደው። አንቺ ነሽ የነገርሽኝ።»

ቆሜ ቀረሁ። ሀብተ ማርያም ያኔ ያለኝ ቃልና ዛሬ ያለኝ ቃል ጎን ለጎን ጆሮዬ ላይ መጡ። ንጹሕ ሸሚዝ ይልበስ፣ ፎቶ ይነሳል። አንዱም ፊደል አልተቀየረም። የጨርቅ ሽታ አፍንጫዬን ሲመታው ነው ካውያውን ያነሳሁት፤ እጅጌው ላይ ቡናማ ምልክት ወጥቶ ነበር።

አሁንም ግን ጥርጣሬዬ አለቀቀኝም። «ብከለክልህስ?» አልኩት።

«መከልከል ነውር ነው» አለ። «ከከለከልሽ ግን ምን አደርጋለሁ። እመለሳለሁ» አለ። ጭቃ እግሩን አየ እንጂ እኔን አላየኝም። ያን ጊዜ ነው ያመንኩት። ሊያታልል የመጣ ሰው እንዲህ በቀላሉ እጁን አይሰጥም፤ ሀብተ ማርያም ቢሆን አሥር ጊዜ ይምልልኝ ነበር።

ንብረትን ጠራሁት። ዳቦ በጨርቅ ቋጥሬ ላስይዘው ስል ዳርጌ ቋጠሮውን ከእጁ ወስዶ ባንኮኒው ላይ መለሰው። ንብረት ሳቀ። እኔም እያለቀስኩ ሳቅኩ። በጓሮ በኩል አውጥቼ፣ ኔሪ ወንዝን ተሻግረው ዛፉ እስኪሰውራቸው አየኋቸው።

ቅዳሜ ሜዳው ላይ መኪናዎቹ ቆሙ። ንጹሕ ሸሚዝ የለበሱ ልጆች ወደ ስብሰባው ሲሄዱ በሱቄ ፊት አለፉ። ለምታምነኝም ለማታምነኝም እናት ልጅሽን አትላኪ ብዬ ቃል ልኬ ነበር፤ ግን እኔ ሁልጊዜ ጥርጣሬ ስለማወራ ማን ይሰማኛል። ከሰዓት በኋላ ልጆቹ መኪናው ላይ ሆነው፣ እናቶቻቸው ከሥር ሆነው ሲጮሁ ሰማሁ። ልጄ እዚያ ባለመኖሩ ደስ አለኝ። ደስ ስላለኝ አፈርኩ። ሁለቱም እውነት ነው።

ሀብተ ማርያም ከሁለት ታጣቂ ጋር መጣ። ፊቱ ላብ ነው።

«ንብረትስ? ደግሞ የዚያ ትምህርት ቤት ልጆች አንድም አልመጡም። ቤቱ ባዶ ነው።»

ጥርጣሬዬ ለመጀመሪያ ጊዜ ሥራ ላይ ዋለ። ነጠላዬን ራሴ ላይ ጥዬ ጮህኩበት።

«አልነገርኳችሁም? በሁሉም ፊት አልተናገርኩም? ያ ሰው ልጆቹን ያለ ስንቅ ካንጋተን ይወስዳቸዋል አላልኩም? ይኸው ልጄን ከጓሮ አሾልኮ ወሰደብኝ። ሱዳን ድንበር ሳያሻግራቸው ድረሱባቸው እንጂ እዚህ እኔ ላይ ታፈጣላችሁ?»

ከታጣቂዎቹ አንዱ፣ «እውነቷን ነው፣ ከመጀመሪያውም ስትል ነበር» አለ። ላምባ የሚገዛኝ ደንበኛዬ ነው። ከተማው ሁሉ መሰከረልኝ። አንዱ መኪና ተነጥሎ ቁልቁል ወደ ካንጋተን ሄደ፤ ልጆቹ ያሉት ሽቅብ ነበር። ዝናቡ መንገድ ላይ ይዞት ጭቃ ውስጥ ሰንብቶ ባዶውን ተመለሰ። ያን ጊዜ አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ጸጥ ብሎ ነበር፣ የሚፈለገውም ቁጥር ሞልቶ ነበር።

ትምህርት ቤቱ ታሸገ። ኤርሳዶን ገምግመው ወደ ሌላ አውራጃ አዛወሩት። ልጆቹ ግን እስከ አዝመራው ድረስ በየወዳጆቻቸው ቤት ቆዩ፤ በዚያው ትምህርቱም አልቆመም ይላል ንብረት።

ከአፈሳው በኋላ ባለው ቅዳሜ ዳርጌ መጣ። ሁለት እጁ ሙሉ ነበር፣ በአንዱ ማር፣ በአንዱ ጎመን። እጁን አይቼ ልጄ ደህና መሆኑን አወቅኩ። ድንጋዩ ላይ ሊቀመጥ ሲል ባንኮኒውን ከፍቼ ወደ ቤት አስገባሁት። አባቴ ይቀመጥበት የነበረውን ወንበር ሰጠሁት። ዙሪያውን አየ፣ ግድግዳውን፣ ሳጥኑን፣ አልጋውን። «ውስጡ ይኸው ነው?» አለኝ። «ይኸው ነው» አልኩት።

ያን ዕለት ከሰዓት ሀብተ ማርያም ሲጋራ ሊገዛ መጣ። ከእኔ ቤት ካልሆነ የትም የሚያገኝ አይመስለኝም፣ ሌሎቹ እናቶች ደጃቸውን አያስረግጡትም ነበር። እኔ ነጭ ሸሚዙን ባንኮኒው በላይ ሰቅዬዋለሁ፤ አንዱ እጅጌ የተተኮሰ፣ አንዱ የተቃጠለ። ቀና ብሎ አየው።

«ይህ የማነው?» አለኝ።

«ጎሳዬ ሲመጣ የሚለብሰው ነው» አልኩት። «ያን ጊዜ ፎቶውን ሳታነሱት ስለቀራችሁ።»

ሲጋራውን ሳይወስድ ሄደ። ሸሚዙን አላወረድኩትም።